የእቴቴ ልጆች አይቆጠሩም

«ስንት ልጅ አለዎት?» አለ ሲራጅ።

«ማሻአላህ በል» አለችው እቴቴ።

«ማሻአላህ። ስንት ናቸው?»

«አላህ የሰጠኝን ያህል።»

ይህን የሰማሁት የጥርስ ሳሙናው አፌ ውስጥ እንዳለ፣ ጓሮ ቧንቧው ስር ጎንበስ ብዬ ነው። ሲራጅ የመሥሪያ ቤቴ መዝጋቢ ነው፤ አክስቴ ቤት ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነበር። በመጀመሪያው ቀን «አምስት ልበል ስድስት?» ብሎ በጣቱ ግቢውን ሲጠቁም አክስቴ ኡምኩልሱም፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላት፣ በሩን ፊቱ ላይ ጠረቀመችበት። በሁለተኛው ቀን ሰላምታውን ተቀብላ፣ ውሃ አጠጥታ፣ ስለ ዝናቡ አጫውታ፣ ልክ ስለ ልጆቹ ሲያነሳ «ፀሐዩ ሳይበረታ ሂድ ልጄ» ብላ ሸኘችው። ልጁ ደሴ ስላደገ አልፈርድበትም። እኛ ዘንድ ልጅ አይቆጠርም። ላምም ብትሆን በረት ላይ ቆሞ በጣት እየጠቆሙ መቁጠር ነውር ነው፤ ቁጥር ዓይን ይጠራል። ሰው ሲጠይቅህ «አልሐምዱሊላህ፣ አሉ» ትላለህ፣ ያልፋል። እቴቴ ደግሞ ከሰውም ትብሳለች። ከዶሮዋ ስር እንቁላል ስታነሳ እንኳን «አንድ፣ ሁለት» አትልም፤ «ይቺ፣ ይቺ፣ ይቺ» ነው የምትለው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሌላም ነገር አትቆጥርም። ስድስቱ ልጆቿ (እኔ በሆዴ ነው የምቆጥረው) በዚያች ሰዓት ከኋላዋ ተኮልኩለው፣ ትልቁ አቡበከር ጫማውን እያሰረ፣ ትንሿ ዓፊያ የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ ሲራጅን ያዩታል። እሱም ያያቸዋል። ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል እየቆጠረ መሆኑ እቴቴ ገባትና ሻርፗን ዘርግታ ጋረደችበት።

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። በዚያን ቀን ግን ሳቅ አልመጣልኝም። የምንሠራው የጤና ካርድ ነው፤ አንድ ቤተሰብ በአንድ ካርድ ይታከማል፣ ስሙ ካርዱ ላይ ያልሰፈረ ሰው ሐኪም ቤት በር ላይ ይቀራል። የሚታተምበት የመጨረሻ ቀን ያ ቀን ነበር፤ ቀጣዩ ከሦስት ወር በኋላ ነው። የእቴቴ አምስተኛ ልጅ ሰዒዳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቶንሲሏ አብጦ አብጦ ምራቅ መዋጥ አቅቷታል፤ ድምጿ ነዳጅ እንደጨረሰ ባጃጅ ይንተፋተፋል። ደሴ ሄዳ እንዲወጣላት የተቀጠረችው ለነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ያንን ቀጠሮ ለማግኘት አምስት ወር ጠብቀናል። ዛሬ ካርድ ካልወጣላት ነገ ደሴ ሄደን አጥር ተደግፈን መመለስ ነው።

አፌን ተጉመጠመጥኩና በፎጣ እየጠረግሁ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ሲራጅ፣ ቁጥሩን ተወው» አልኩት። «ስማቸውን ብቻ ይጥሩልህ፣ አንተ ጻፍ። የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ ነው።»

እቴቴ ወደ እኔ ዞረች። «ኮምፒውተሩ ዓይን አለው?»

«የለውም፣ እቴቴ።»

«እንግዲያው ይሁን።»

መጥራት ጀመረች። መጥራት ስል እያንዳንዱን ከነታሪኩ ነው። አቡበከር የተወለደው ቦርከና ወንዝ ሞልቶ ማሽላውን ሁሉ የጠራረገ ዓመት ነው፤ ያ ዓመት ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ማግኘት የሲራጅ ፈንታ ነው። ረቢአ ባቲ ገበያ መሐል ምጥ ያስያዘቻት ናት፤ አንዲት አፋር ሴት ወተት ያጠጣቻት ታሪክ ካላለቀ ወደ ሙሳ አይታለፍም። በመሐል ሲራጅ «የቤቱ ኃላፊ የምስጢር ቁጥር መምረጥ አለባቸው፤ አራት አሃዝ ይንገሩኝ» አላት። እቴቴ አየችው። «ምስጢር ከሆነ ላንተ ለምን እነግርሃለሁ?» አለችው። ልጁ ታብሌቱን አቀበላት፤ በሻርፗ ሸፍና፣ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ አራት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጋ መለሰችለት። ሰዓቴን ሳይ ሁለት ተኩል ሆኗል። ሙሳ ገና አልተወለደም። ጫማዬን አጥልቄ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

እኔ ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ። ከሚሴ ውስጥ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ እቴቴ ለጎረቤት የምታስተዋውቀኝ «ኮምፒውተር ታክማለች» ብላ ነው። መሥሪያ ቤቴን በስም አልጠራውም፣ እንጀራዬ ነው። ሦስት ክፍል ነው፤ አንዱ የአለቃችን የአቶ አብዱልፈታህ፣ አንዱ የማተሚያው፣ አንዱ የእኔና የሲራጅ፤ የእኛኛው መስኮት የሚያየው የባጃጅ ተራውን ነው። የካርዱን ፕሮግራም ብቻዬን ጽፌዋለሁ። ከሦስት ቀን በፊት ሲራጅ የአንድ ቤተሰብ ልጆችን በስህተት ሙህዲን በሚባል ባጃጅ ነጂ ስም ስር አስገባቸው። ሙህዲን አላገባም፤ ኒካሁ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ተቆርጧል። የሙከራው ካርድ ሲታተም ሙህዲን የአራት ልጆች አባት ሆኖ ወጣ። ካርዱን ማን እንዳየው አላህ ይወቅ፤ የአስር ሶላት ሳይሰገድ የልጅቷ ሦስት አጎቶች በራችን ላይ ቆመው ነበር። አቶ አብዱልፈታህ ምለው ተገዝተው ኒካሁን አተረፉት። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው «ዙቤይዳ፣ ማንም እየገባ በሰው ቤት ልጅ የሚወልድበትን በር ዛሬውኑ ዝጊልኝ!» አሉኝ።

ዘጋሁት። እንዴት እንደዘጋሁት ልንገራችሁ፤ ካልገባችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው። በፕሮግራሜ ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው በሉ። የልጆቹ ዝርዝር ድሮ ሳሎን ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የገባ ሁሉ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። እኔ ዝርዝሩን ጓዳ አስገባሁትና ቆለፍኩበት። ማየት የፈለገ በሩ ላይ ቆሞ ይጠይቃል፣ ግልባጭ ይሰጠዋል፤ ግልባጩ ላይ እንደፈለገ ቢሞነጫጭር ዋናውን አይነካውም። ልጅ መጨመርም ሆነ ማውጣት የፈለገ የቤቱን ኃላፊ ይጠይቅ፤ ኃላፊው በምስጢር ቁጥሩ እሺ ካላለ አይሆንም። እንደ እውነቱ ከሆነ እቴቴን ነው ኮምፒውተር ላይ የጻፍኳት። ትናንት ማታ በሩን ዘግቼ ስጨርስ ለአቶ አብዱልፈታህ አፌን ሞልቼ «ከእንግዲህ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም፣ እኔም ብሆን» ብያቸው ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ሲራጅ ከእኛ ቤት ተመለሰ፤ ላብ አጥምቆታል። የእቴቴን ቤተሰብ አስገብቶ ጨረሰና ማተሚያው ተነሳ። የመጀመሪያው ካርድ ወጣ። የአባት ስም አለ፣ የእናት ስም አለ፣ ቀበሌው አለ፤ «ልጆች» ከሚለው ቀጥሎ ግን ባዶ ነው። የዚህ ሰውዬ ልጆች ሌላ ዙር ላይ ይሆናሉ ብዬ ሁለተኛውን አየሁ። ባዶ። አምስተኛው፣ አሥረኛው፣ ሠላሳኛው ባዶ። እቴቴንማ ፈልጌ አወጣኋት፤ ስሟ ብቻውን ተቀምጧል፣ ከስሩ ነጭ ወረቀት። አቶ አብዱልፈታህ ድምፁን ሰምተው መጡና ከክምሩ ላይ የራሳቸውን ካርድ አነሱ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«መንታዎቼስ?» አሉ።

ሲራጅ ካርዱን ተቀብሎ ጀርባውን ገልብጦ አየ።

«ዙቤይዳ፣ ከሚሴን በአንድ ሌሊት አመከንሻት?»

ሲራጅ ሳቁን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። እኔ ዳታቤዙን ከፈትኩ። ልጆቹ ሁሉ አሉ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንድም አልጠፋ። መንገድ ላይ ነው የሚጠፉት። እዚህ ላይ ስለ ደላላው መናገር አለብኝ። ፕሮግራምና ዳታቤዝ ቋንቋቸው አይገናኝም፤ አንዱ ስለ ቤትና ስለ ልጅ ያወራል፣ ሌላው ከሰንጠረዥ በቀር አያውቅም። ባቲ ገበያ አፋሩና ደገኛው ሳይግባቡ ሲቀሩ ሁለቱን አፍ የሚያውቅ ደላላ መሐል ገብቶ እንደሚያገናኛቸው፣ እዚህም ፍሬምወርክ የሚባል ደላላ አለ። ልጆቹን ከሰንጠረዡ አንስቶ ተሸክሞ ያመጣና እያንዳንዱን ወላጁ ቤት ያስገባል። እስከ ትናንት በትክክል ሲያስገባ ነበር። ዛሬ ያመጣል፣ ቤቱ ይደርሳል፣ ከዚያ ልጅ የለም። ለምን? ኮዱን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩ። አምስት ሰዓት ሆነ። መብራት ጠፋ፣ መጣ። አምስት ተኩል ሆነ። የዘጋሁትን ልክፈተው ብል የሙህዲን አጎቶች ታዩኝ። አቶ አብዱልፈታህ በየአሥር ደቂቃው በሩን ገርበብ ያደርጉና «ወለደች?» ይሉኛል።

«አልወለደችም» እላለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ «ሂጂ ብዪ፣ የራበው ሰው አያስብም፤ ማተሚያው እስከ አሥራ አንድ ነው» ብለው አስወጡኝ። ቤት ስደርስ እቴቴ ለደሴው ጉዞ ጓዝ ታዘጋጃለች። መደቡ ላይ የሰዒዳን ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ደረቅ ቆሎ በከረጢት፣ የዘምዘም ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ደርድራለች። ሰዒዳ ጥግ ላይ ተቀምጣ አጥሚቷን በማንኪያ ጫፍ እየቀመሰች ነው፤ አንዷን ጉንጭ ለመዋጥ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ታስረዝማለች። እቴቴ ያንን ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታጥፋለች። የታጠፈውን ፈታ እንደገና ታጥፈዋለች።

«ካርዱ ወጣ?» አለችኝ ሳትዞር።

«ይወጣል፣ ኢንሻአላህ።»

«ወጣ አላልሽም።»

የጠቀለልኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩት። የዚህ ቤት ዝምታ የሚከብደኝ ዱሮም ነው። እናቴ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ሌላ ሚስት አገባና «ክረምቱን ብቻ ትክረምልኝ» ብሎ ከጨፋ ሮቢት በጋሪ እዚህ አምጥቶ ጣለኝ። ክረምቱ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነ። የእቴቴ ባል ሲሞትም እዚሁ ነኝ፣ ልጆቹ ሲወለዱም እዚሁ ነኝ። አንድ ቀን ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ሥጋ ሲወጣ ቀድሜ አላነሳም፤ ጓዳ ስገባ ሳላውቀው «ልግባ?» እላለሁ። የሰው ቤት የሰው ቤት ነው። ለራሴ በሆዴ ስቆጥርም ስድስት ብዬ አቆማለሁ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ከበር «አሰላሙ አለይኩም!» ተባለ። የቅሬው፣ የእድራችን፣ ሰዎች ናቸው። እቴቴ የቅሬያችን ዕቃ ያዥ ናት፤ ትሪው፣ ማንቆርቆሪያው፣ ድስቱ ሁሉ የሚቀመጠው እሷ ጓዳ ነው። ሁለት ወንዶች ደጅ ቆመው ትሪ ጠየቁ። አላስገባቻቸውም፤ መግባቱ ለእነሱም አይታሰባቸውም። ጓዳ ገብታ ሦስት ትሪ አውጥታ አቀበለቻቸው፣ ወሰዱ። ወዲያው ፋጡሜ መጣች። ፋጡሜ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት። አላንኳኳችም፣ አልቆመችም። «ኡሚ፣ ነጋያ?» ብላ እቴቴን በኦሮምኛ ሰላም አለችና መልስ ሳትጠብቅ በእኔና በሰዒዳ መሐል ተራምዳ፣ መጋረጃውን ገልጣ ቀጥታ ጓዳ ገባች። አንድ እንስራ ሲነሳ፣ አንድ ክዳን ሲወድቅ ሰማን። ያመጣችውን ማሽላ ራሷ በእቴቴ ጎተራ ውስጥ ገለበጠችና የምትዋሰውን ወንፊት ይዛ ወጣች።

«በሩ ላይ ብሰጥሽ ምን ነበረበት?» አለቻት እቴቴ ለወጉ ያህል።

«በር ላይ የምቆመው እኔ እንግዳ ነኝ?» አለች ፋጡሜ። «በር ላይ ማሽላ ብሰጥሽ በምን ትቀበይኛለሽ፣ በሻርፕሽ? ይፈስ የለም እንዴ!»

«ቤተኛ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰዒዳ ማንኪያዋን ጣለች። እቴቴ ደነገጠች። «ምን ሆንሽ? ቢስሚላህ በይ!»

«ቢስሚላህ! እቴቴ፣ ደላላውን በር ላይ አቁሜዋለሁ! ልጆቹን በር ላይ እየተቀበልኩት ነው፣ ይፈሳሉ!»

ፋጡሜ እቴቴን አየቻት። «የኮምፒውተሩ በሽታ ተጋባባት» አለች።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ነገሩ ይህ ነው፤ ዝርዝሩን ጓዳ ስቆልፈው ለሁሉም ሰው «በር ላይ ቆመህ ጠይቅ» ብያለሁ፤ ደላላውንም ጨምሬ። ምስኪኑ ልጆቹን ተሸክሞ መጥቶ በር ላይ ይቆማል፣ «የልጆቹን ዝርዝር» ይላል፣ እንደ ማንም እንግዳ ግልባጭ ይሰጡታል፤ ልጆቹን ግልባጩ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ግልባጩ ይጣላል። ልጆቹም አብረው። ዋናው ዝርዝር ጓዳ ውስጥ ባዶውን ቁጭ ብሏል። ለሌላው ሁሉ በሩ ይዘጋ፤ ደላላው ግን ቤተኛ ነው፣ በጓዳ መግባት አለበት። ይህን ለፍሬምወርኩ ለመንገር የሚያስፈልገው አንዲት መስመር ናት፤ «በበሩ አትምጣ፣ ዝርዝሩ ካለበት ከራሱ ከጓዳው ግባ» የምትል። ቢሮ ደርሼ ጻፍኳት። ሲራጅ ማተሚያውን ነካ። የመጀመሪያው ካርድ ወጣ፣ አምስት ልጅ። ቀጣዩ፣ ሦስት። የአቶ አብዱልፈታህ መንታዎች ጎን ለጎን ወጡ። የሙህዲንን ሆን ብዬ ፈልጌ አየሁት፤ እናቱ እንደወለደችው ብቻውን ነው።

አቶ አብዱልፈታህ ካርዱን በሁለት እጃቸው ያዙትና «ሱብሃነላህ! ወለደች!» ብለው ጮሁ። የባጃጅ ተራው ሰዎች ማን ወለደች ብለው በመስኮት አንገታቸውን አስገቡ።

ደስታዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእቴቴ ተራ ደረሰና ማተሚያው እንቢ አለ። ካርዱ አይታተምም፤ ዝርዝሩ ላይ ስህተት አለ ይላል። ከፈትኩት። ልጆች፦ ሰባት። ዓይኔን አሸሁ። ሰባት። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፤ ደላላ አንዳንዴ አንዱን ልጅ ሁለት ጊዜ ያመጣል። ዛሬ ቤተኛ ሆነልኝ ብዬ ሳልጨርስ መስረቅ ሳይሆን መጨመር ጀመረ ማለት ነው። ያችን መስመር ፈተሽኩ። ከላይዋና ከታቿ ያሉትን ፈተሽኩ። የሌላውን ቤተሰብ ሁሉ አየሁ፣ የማንም አልበዛም። የእቴቴ ብቻ። ዘጠኝ ተኩል፣ አሥር ሰዓት ሆነ። ሰዒዳ አንገቷን አስረዝማ ስትውጥ ይታየኛል። እንግዲህ ሴትዮዋ ልጅ ሲቆጠርባት አትወድም፤ ዱዓዋ ኮምፒውተሩ ላይ ደረሰ ይሆን እስከማለት ደረስኩ።

«ስሞቹን ለምን አታነቢያቸውም?» አለኝ ሲራጅ።

እውነቱን ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጥሩን ሳይ አንድም ስም አላነበብኩም። ዝርዝሩን ዘረጋሁት። አቡበከር። ረቢአ። ሙሳ። ሶፍያ። ሰዒዳ። ዓፊያ።

ዙቤይዳ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«አንቺ ነሻ» አለ ሲራጅ። «ዓፊያን ጨርሰው "ጻፍ፣ ይቺም አለች" አሉኝ። የተወለደችበትን ስላቸው "ክረምት ለመክረም ከጨፋ ሮቢት በጋሪ የመጣች ዕለት" አሉኝ። አንቺ ራስሽ የጠሩልህን ጻፍ አላልሽም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ! ልደትሽን ግን ከቢሮው ፋይልሽ አይቼ ትክክለኛውን አስገባሁልሽ።»

ሲራጅ በዓመት አንድ ጊዜ ትክክል ይሠራል፤ ያቺም ጊዜ ዛሬ ሆነች። የመጣሁበትን ዕለት ቢጽፍ ኖሮ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ካርዱ ሳያጉረመርም ይታተም ነበር። ትክክለኛው ግን ሃያ ስድስት ነው፤ ካርዱ ደግሞ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ አይቀበልም፣ ደንቡን ፕሮግራሙ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። መሳቅ ፈለግሁ፣ ዓይኔ ግን ሞላ። ሲራጅ አይቶ እንዳላየ ወረቀት ማስተካከል ጀመረ። ሁልጊዜ ስድስት ብዬ የማቆምባት ሴት፣ እኔ ደጅ ወጥቼ ስሄድ ጠብቃ ሰባተኛዋን ጠራችኝ።

ከዝርዝሩ መውጣት አለብኝ። «አውጣ» የሚለውን ተጫንኩ። ፕሮግራሙ በትሕትና የቤቱን ኃላፊ የምስጢር ቁጥር ጠየቀኝ። ስልክ ደወልኩ።

«እቴቴ፣ ጠዋት የመረጥሻት ቁጥር ስንት ናት?»

«ለምን?»

«ከልጆቹ አንዷ መውጣት አለባት። ከአሥራ ስምንት በላይ ናት፣ ደንቡ አይፈቅድም። እሷ ካልወጣች የሰዒዳ ካርድ አይታተምም።»

ስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። ሙሳ አንዱን ሲያስለቅስ ይሰማኛል። ስለዚህ ነገር በሕይወታችን ሙሉ አውርተን አናውቅም፣ በስልክም ልንጀምረው አልቻልንም።

«እኔ ዕድሜዋን ጠይቄ አላሳደግኳትም» አለችኝ በመጨረሻ። «ልጅ ከጠሩ በኋላ አይመለስም፤ ሟርት ነው። አላወጣም። አንቺ የኮምፒውተር ሐኪም አይደለሽ? ሁለቱንም አድኚ።»

ዘጋችው።

አሥር ሰዓት ከሩብ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። በሩን እንዲያ አሳምሬ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም፣ እኔም ብሆን ብዬ ፎክሬያለሁ። ውሸት ነበር። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው በበር አይሄድም፤ ዳታቤዙን ከፍቶ ሰንጠረዡ ላይ አንዲት መስመር ቢጽፍ ያለቀ ነገር ነው፣ ማንም አይጠይቀውም፣ የምስጢር ቁጥርም የለም። ለካ ከደላላውም ከፋጡሜም በላይ ቤተኛ እኔ ነበርኩ። በእቴቴ ጓዳ «ልግባ?» ሳልል ስገባ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የገባሁትም ራሴን ላወጣ። መስመሯን ጻፍኳት። የማጥፊያዋ ቁልፍ ላይ ጣቴ ቆመ። ከዚያ ሰዒዳን አሰብኩና ተጫንኩት። «አንድ ረድፍ ጠፍቷል» አለኝ ኮምፒውተሩ፣ ደረቅ ነው። ማተሚያው ወዲያው ተነሳ፤ ካርዱ ትኩሱን ወጣ፣ የሰዒዳ ስም ሳይደበዝዝ ጉልህ ብሎ።

ቤት ስገባ ሁሉም መደቡ ላይ ናቸው። ካርዱን ለእቴቴ ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ፣ ፊደሎቹን በጣቷ ከላይ ወደ ታች ዳሰሰች። ማንበብ አትችልም፤ በዚህ ተማምኜ ነበር የመጣሁት።

«ሁላችሁም አላችሁ?» አለችኝ።

«አለን፣ እቴቴ።»

ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ካርዱን ለሰዒዳ አቀበለቻት። «ኮቱ፣ ነይ፣ አንቺ አንብቢልኝ።»

ሰዒዳ ካርዱን ወደ ብርሃኑ አዞረችና በዚያ በሚንተፋተፍ ድምጿ ጀመረች። «አቡበከር። ረቢአ። ሙሳ። ሶፍያ። ሰዒዳ፣ እኔ ነኝ። ዓፊያ።» አቆመች። ካርዱ አልቋል። ቀና ብላ አየችኝ። ምን ብዬ ምልክት እንደምሰጣት አላወቅሁም፤ መሬት መሬቱን አየሁ። ሰዒዳ አንገቷን አስረዝማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ምራቋን በመከራ ዋጠች። ከዚያ ባዶው ቦታ ላይ ጣቷን አደረገችና እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብላ፦

«ዙቤይዳ» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እቴቴ። ካርዱን ተቀብላ በሻርፗ ጠቅልላ፣ ጓዳ ልታስቀምጠው ተነሳች። መጋረጃው ጋ ስትደርስ ቆም ብላ «ዙቤይዳ፣ ግቢና ሳጥኑን ክፈቺልኝ፣ እጄ ይዟል» አለችኝ። ልግባ ወይ ሳልል ገባሁ።

ከኋላችን ሙሳ በጣቶቹ ሲያሰላ ቆይቶ ኖሯል። «እማ» አለ ጮክ ብሎ፣ «እና ሰባት ነን ማለት ነው?»

«ማሻአላህ በል!» አለችው እቴቴ፣ ጫማዋን ከእግሯ እያወለቀች።